አህያውን ፈርተን ዳውላውን

(ደሴ የተቀዳ የፖድካስት ውይይት። መሠረት የስፖርት ዘጋቢ ናት። ሰይድ ለዓመታት ታዳጊዎችን ያሰለጠኑ፣ በረዳት አሰልጣኝነትም የሰሩ ናቸው።)

መሠረት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደሴ ነን። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት አደሩ?

ሰይድ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ መሲ። ድምፄ ጎርነን ካለ ትናንት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ስጮህ አምሽቼ ነው።

መሠረት፦ በዚህ ዕድሜዎ?

ሰይድ፦ ዕድሜዬን ምን አመጣው!

መሠረት፦ እሺ፣ ተውኩት። ባለፈው ማይክ ከተዘጋ በኋላ አንድ ነገር ተናግረው ሄዱ። «አሰልጣኝ የሚያባርረው ጋዜጠኛ ነው» አሉ። የኔ እንጀራ ደግሞ ዘገባ ነው። እስቲ አድማጭ ፊት ይድገሙልኝ።

ሰይድ፦ እደግመዋለሁ፣ ምን ገዶኝ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ቦርዱ ነው። ጉድጓዱን ቀድሞ የሚቆፍረው ግን የእናንተ ሰፈር ሰው ነው። አንድ ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ይሸነፋል። አንዱ ተነስቶ «አሰልጣኙ ጫና ውስጥ ናቸው» ይላል። ጫናውን ማን አመጣው? እሱ ራሱ ነዋ! በማግስቱ ሌላው ያንኑ ይወስድና «ጫናው በርትቷል» ይላል። አርብ ላይ ቦርዱ ይሰበሰባል። «ሕዝቡ እያጉረመረመ ነው፣ አንድ ነገር ካላደረግን» ይባላል። ሕዝቡ የተባለው እኮ እነዚያ ሁለት ዜናዎች ናቸው።

መሠረት፦ ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን አልቀበልም።

ሰይድ፦ የትኛውን ግማሽ?

መሠረት፦ ጋዜጠኛ ይህን ያህል አቅም ካለው አሰልጣኝ ራኒዬሪን ማትረፍ ነበረበት። የእንግሊዙን ሌስተር በፈረንጆቹ 2016 ሻምፒዮን አደረገ። አቋማሪዎቹ ከውድድሩ በፊት 5000 ለ1 ያሉት ቡድን ነው። የዓለም ጋዜጠኛ በሙሉ ወዶት ነበር። ዋንጫውን ባነሳ በዘጠኝ ወሩ፣ የካቲት 2017 ላይ አባረሩት። ጋዜጠኛው በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ምን አመጣ? ምንም።

ሰይድ፦ እሱን እንኳ ልክ ነሽ።

መሠረት፦ የቶተንሃሙ አሰልጣኝ ፖስቴኮግሉም አለ። ቶተንሃም 17 ዓመት ዋንጫ አላየም ነበር። ግንቦት 2025 የዩሮፓ ሊግን አመጣላቸው። በ16ኛው ቀን አሰናበቱት።

ሰይድ፦ በሊጉ 17ኛ ሆኖ ነበር የጨረሰው። ለመውረድ አንድ ደረጃ ቀርቶት።

መሠረት፦ አሁን ደግሞ ለቦርዱ ጠበቃ ሆኑ?

ሰይድ፦ ኧረ እኔ እቴ! ሙሉውን እንናገር ብዬ ነው። ደግሞ ቀጣዩን አልጨረስሽም። ያው ሰውዬ መስከረም ላይ ኖቲንግሃም ፎረስት ገባ። 39 ቀን ቆየ። ስምንት ጨዋታ፣ አንድም ድል የለም። በቼልሲ 3 ለ 0 ተሸነፉና የዳኛው ፊሽካ ከተነፋ 20 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መባረሩ ተነገረ። ሰውየው ሻወር የሚወስድበት ጊዜ አልሰጡትም።

መሠረት፦ (ሳቅ) ስለዚህ ጋዜጠኛው አይደለም።

ሰይድ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። እኔ ጋዜጠኛው ብቻ ነው አላልኩም። የትናንቱን ልንገርሽ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው ቤት ነው ያየሁት። አግዳሚው ሞልቷል፣ ከኋላ የቆመ አለ። ከፊቴ አንድ ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ከጋቢው ስር ማልያ ለብሷል። በ12ኛው ደቂቃ ገባባቸው። ስልኩን አወጣና «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ማታ መሄድ አለበት» ብሎ ጻፈ። አየሁት፣ ፊደሉን አተልቆ ነበር። በ80ኛው ደቂቃ ቡድኑ 2 ለ 1 መምራት ጀመረ። ያንኑ ስልክ አወጣ። «ይሄ ነው አሰልጣኝ ማለት!»

መሠረት፦ ቀይሮ ያስገባው ተጫዋች አግብቶ ይሆናላ።

ሰይድ፦ የተጋጣሚው ተከላካይ ነው በራሱ መረብ ላይ ያገባው። አሰልጣኙ ምንም አላደረገም። እንዳስቀመጡት ተቀምጧል። እኔን የሚያናድደኝ ልጁ አይደለም። ልጁ ደጋፊ ነው፣ መብቱ ነው። የሚያናድደኝ እንደዚያ ልጅ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነው። ውጤቱን አይቶ ታክቲክ የሚተነትን። ሲያሸንፍ «ብልህ»፣ ሲሸነፍ «ግትር»። ሰውየው ግን ያው፣ አሰላለፉም ያው 4-3-3 ነው።

መሠረት፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ብዙው ትንታኔ ከውጤቱ ወደ ኋላ የተጻፈ ነው። መቀየርን በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ራኒዬሪ ሲሄድ ረዳቱ ክሬግ ሼክስፒር ተተካ። የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ይሄ መባረሩ ሰርቷል ማለት አይደለም?

ሰይድ፦ ሼክስፒር መጨረሻው ምን ሆነ?

መሠረት፦ በጥቅምት ተባረረ። የሦስት ዓመት ውል በፈረመ በአራት ወሩ።

ሰይድ፦ በቃ፣ መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። እኔ ስለዚህ ያነበብኩት አንድ ጥናት አለ። ባስ ተር ዊል የሚባል የሆላንድ ኢኮኖሚስት ነው። ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የሆላንድ ሊግ አየ። ውጤታቸው ወርዶ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን ወሰደ። ከጎናቸው እኩል ወርደው ግን አሰልጣኛቸውን ያቆዩትን አስቀመጠ። ሁለቱም አገገሙ። ያባረረው ካቆየው የተሻለ ነገር አላገኘም።

መሠረት፦ ታዲያ አዲሱ ሲመጣ የምናየው መነቃቃት ምንድን ነው?

ሰይድ፦ አሰልጣኝ የሚባረረው መቼ ነው? ከታች ሲደርስ ነው። ከታች የደረሰ ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ ነዋ። የተጎዳው አጥቂ ይመለሳል፣ ብረት የሚመታው ኳስ አንድ ቀን ይገባል፣ ከጠንካሮቹ ጋር የነበረው ተከታታይ ጨዋታ ያልቃል። አዲሱ ሰውዬ ልክ በዚያ ሰዓት ይደርስና ይጨበጨብለታል። ጤፍ ዘርቶ በሳምንቱ ማጭድ የሚስል ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኛ ቦርዶች እንደዚያ ናቸው።

መሠረት፦ ግን ጋሽ ሰይድ፣ ትዕግስት ሁሌ ይከፍላል ማለትም አይቻልም። እናንተ አሰልጣኞች ፈርጉሰንን ትጠራላችሁ፣ ሁሌ ፈርጉሰን።

ሰይድ፦ ታዲያ አይጠራም? በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድ መጣ። በ1989/90 የውድድር ዘመን ቡድኑ 13ኛ ነው የጨረሰው። ደጋፊው ሂድልን የሚል ጨርቅ ሰቅሎበት ነበር። ቆዩለት፣ በዚያው ዓመት የኤፍኤ ካፕን አነሳ። የሊጉ ዋንጫ የመጣው በ1993 ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል! ዛሬ ቢሆን ሰባት ወርም አይሰጡት።

መሠረት፦ ዛሬም የሰጡ አሉ። አርቴታ በታኅሣሥ 2019 አርሰናል ገባ። ሁለት ዓመት ተከታታይ 8ኛ ወጣ። በ2021 የውድድር ዘመኑን በሦስት ሽንፈት ጀመረ፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተቀጣ፣ የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። እዚህ ፒያሳም «አርቴታ አውት» ይባል ነበር። አቆዩት፣ ከዓመት በኋላ ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ሆነ። እኔ የምለው ግን ያቆዩት ስላዘኑለት አይደለም። ምን እየገነባ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያረጁትን አስወጥቶ ወጣቶቹን ሲያስገባ አብረውት ወስነዋል። ዕቅድ የሌለው ቦርድ ቢታገስም ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

ሰይድ፦ ጥሩ ተናገርሽ። ያን ንግግርሽን ጽፈሽ ለዩናይትድ ላኪላቸው። ሞየስን የስድስት ዓመት ውል ሰጥተው በአስር ወሩ አሰናበቱ። ቫን ሃል የኤፍኤ ካፕን ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ሞሪንሆን ሲያሰናብቱ ለሱና ለረዳቶቹ 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ። ቴን ሃግ ደግሞ ሐምሌ 2024 ውሉን አራዘሙለት፣ ጥቅምት ላይ አባረሩት። ያራዘመው ማን ነው? ያባረረውስ? ያው ሰው ነው። ስለ ቴን ሃግ የተጻፈ ወረቀት ቤት ይሞላል። ፊርማውን ስላኖረው ሰው ግን ስንት ገጽ ተጻፈ?

መሠረት፦ እንግሊዝ ውስጥ ስለሱም ይጻፋል። እዚያ ስለ ባለቤቱም፣ ስለ ስፖርት ዳይሬክተሩም ይቆፍራሉ። እዚህ ነው የሌለው። አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ሰይድ፦ እንምጣ፣ እኔም እሱን ስጠብቅ ነው።

መሠረት፦ ብሔራዊ ቡድኑን ይውሰዱ። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ አስገባን፣ ደቡብ አፍሪካ 2013። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ደረስን። ናይጄሪያ ናት ያስቀረችን። ከዚያ ጥር 2014 ቻን ላይ፣ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንድ ግብ ተሸነፍን። የካቲት ላይ ተሰናበተ።

ሰይድ፦ ዛምቢያን በአሥር ሰው አቻ የወጣን ቀን እዚህ ከተማ የነበረውን ጭፈራ ታስታውሺያለሽ? የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አልቅሷል። በዓመቱ «ድሮም አይችልም ነበር» ተባለ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

መሠረት፦ ከሱ በኋላ ባሬቶ ከፖርቹጋል መጣ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። ውበቱ አባተ በ2020 እስኪመጣ አምስት ሰው በስድስት ዓመት። ቀጣዩ አፍሪካ ዋንጫ የገባነውም በውበቱ ነው፣ ካሜሩን ላይ። አምስቱም ስለማይችሉ ነው?

ሰይድ፦ አይደለም። ሁሉም የመጡት ያው ሊግ፣ ያው ሜዳ፣ ያው የታዳጊ ሥራ እጥረት ላይ ነው። ሰው ተቀየረ እንጂ ሌላው ንቅንቅ አላለም። ወልዲያን ተመልከቺ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ያኔ ቡድኑ ፕሪምየር ሊግ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወረደ። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ አሰልጣኝ አሰልጣኝ ነበር። ስታዲየም ብቻውን ኳስ አይጫወትም እኮ። ከ15 ዓመት በታች ያለው ልጅ የት ነው የሚሰለጥነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

መሠረት፦ እርስዎ ሲሰናበቱ እንዴት ነበር? ስም ሳንጠራ።

ሰይድ፦ ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት ኮኖቹን በጆንያ ይዤ ካምፕ ደረስኩ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገ። አይኔን አያየኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ አይግቡ ተብሏል» አለኝ። ማን አለ? «እንጃ፣ ተብሏል።» ኮኖቹን ተቀበለኝ፣ ቆጠራቸው፣ ፈርምልኝ አልኩት። የክለብ ንብረት ነው፣ ነገ ጎደለ እንዳይሉኝ።

መሠረት፦ (ሳቅ) ወይኔ ጋሽ ሰይድ!

ሰይድ፦ በማግስቱ ዜናው ምን ይላል? «ክለቡ ከአሰልጣኞቹ ጋር በስምምነት ተለያየ።» ከማን ጋር ነው የተስማማሁት? ከዘበኛው ጋር?

መሠረት፦ እንግዲህ «በስምምነት» የምትለዋ እንዴት እንደምትጻፍ ከእኔ በኩል ልንገርዎት። መባረሩን እሰማለሁ፣ ክለቡ እደውላለሁ። ኃላፊው «በስምምነት ብለሽ ጻፊው» ይለኛል። አሰልጣኙ ጋ እደውላለሁ። እሱም «እባክሽ በስምምነት በዪው» ይላል። የሁለት ወር ውዝፍ ደመወዝ አለው፣ ካስቀየማቸው አይከፍሉትም። ሌላ ክለብም ፌዴሬሽን ድረስ የሚከስ ሰው ነው ብሎ እንዳይሸሸው ይፈራል። ሁለቱም ወገን ያንኑ ሲሉኝ እኔ ምን ልበል?

ሰይድ፦ «ክለቡ በስምምነት ነው ብሏል፣ ደመወዝ ግን ተከፍሎ እንደሆነ ሲጠየቅ አልመለሰም» በያ።

መሠረት፦ ብያለሁ። ምን እንደሚከተል ያውቃሉ? አንድ ክለብ ነበር፣ ከከተማ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ «አውቶቡሳችን ላይ ቦታ አለ፣ አበልም እናስብልሻለን» አሉኝ። እምቢ ብዬ በራሴ ወጪ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የጻፍኩት ዜና አላስደሰታቸውም። ከዚያ ወዲህ ስልኬን የሚያነሳ የለም። የአሰላለፉን ዝርዝር እንኳ የማገኘው ከተጫዋቾች ነው። አሰልጣኙን መውቀስ ግን ምንም አያስከፍልም። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ቦርዱ ዘላለም አለ።

ሰይድ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

መሠረት፦ በትክክል። እኔ «ጋዜጠኛው ያባርራል» የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ነው። አናባርርም። የሚያባርረውን ሰው ግን አንጠይቅም። ያ ለሱ ትልቅ ውለታ ነው። አሰልጣኝ ሲቀጠር ፎቶ ላይ ማን እጁን እንደጨበጠው እናያለን። ሲባረር ያ ሰው ፎቶው ላይ የለም። «ክለቡ ወሰነ» ተብሎ ያልፋል። ክለብ እንዴት ይወስናል? ሰው ነው የሚወስነው።

ሰይድ፦ ፕሪምየር ሊጉ ላይማ ብሷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹ አንድ ከተማ ተሰባስበው የሚጫወቱበት አሰራር መጥቷል። አሰልጣኙ ወር ሙሉ ሆቴል ነው። ቦርዱ ቤቱ ሆኖ ሰንጠረዥ ያያል። ልምምድ የሚያይ የለም፣ ተጫዋቹ ደመወዝ ዘግይቶበት ፊቱ ምን እንደሚመስል የሚያይ የለም።

መሠረት፦ እኛስ ምን እንጠይቃለን? ከጨዋታ በኋላ አስተያየት ስንቀበል ማለቴ ነው። «ጨዋታውን እንዴት አዩት?» በቃ። መልሱም የታወቀ ነው።

ሰይድ፦ «ልጆቼ የቻሉትን አድርገዋል። ዕድል ከእኛ ጋር አልነበረም። ዳኛውን በተመለከተ አስተያየት መስጠት አልፈልግም።» ከዚያ ስለ ዳኛው አሥር ደቂቃ።

መሠረት፦ (ሳቅ) ለዚህ እኮ ነው። «ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ለምን የግራ መስመሩ ተከፈተ? ስድስት ቁጥሩን ለምን አስወጡት?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የደመወዙን ጉዳይ ለስራ አስኪያጁ የሚያነሳ ደግሞ የበለጠ ጥቂት።

ሰይድ፦ አላርዳይስን አስታወስሽኝ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ 67 ቀን፣ አንድ ጨዋታ። አንድ ብቻ፣ እሱንም አሸንፏል። ያወረደው ዴይሊ ቴሌግራፍ ነው። ነጋዴ መስለው ቀርበው በድብቅ ካሜራ ቀርጸው የተጫዋች ዝውውር ደንብ እንዴት እንደሚታለፍ ሲያወራ አወጡት። እዚያ እንኳ ጋዜጠኛ አባረረ ብትይኝ እቀበላለሁ። ለፍተው፣ ማስረጃ ይዘው ነው። የድብቅ ካሜራው ነገር ባይጥመኝም።

መሠረት፦ እኔም አይጥመኝም። ግን ቢያንስ ሥራ ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄ። ነገ አንድ የወሎ ክለብ ደውሎ «ጋሽ ሰይድ፣ ና ዋናውን ያዝልን» ቢል ይሄዳሉ?

ሰይድ፦ እሄዳለሁ።

መሠረት፦ ያ ሁሉ ተብሎ?

ሰይድ፦ ኳስ ነው እኮ መሲ። ግን ውሉን አንብቤ ነው። አንደኛ፣ ካባረሩኝ የቀረው ደመወዝ እስከ ውሉ መጨረሻ ይከፈለኝ። እንግሊዝ ያሉት አሰልጣኞች የሚበልጡን እዚህ ላይ ነው። የነሱ ማህበር ከፈረንጆቹ 1992 ጀምሮ አለ፣ ሲባረሩ ጠበቃ ከጎናቸው ይቆማል። እዚያ መባረር ያሳፍራል እንጂ አያስርብም። ሌላው፣ ከኔ የሚፈልጉት ደረጃ በቁጥር ይጻፍ። «ጥሩ ውጤት» አይባልም። ተጫዋች የሚያስፈርመው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ቦርዱ ያመጣውን አጥቂ አላገባም ብለው እኔን እንዳያባርሩ።

መሠረት፦ አሪፍ ነው። የፈረሙ ዕለት ውሉን ይላኩልኝ፣ አንድ በአንድ እዘግበዋለሁ።

ሰይድ፦ ደመወዙንም?

መሠረት፦ ደመወዙን በተለይ!

ሰይድ፦ ኧረ ደመወዙን ተይው! ዕቁብተኞቼ ሰምተው ዕጣውን ከፍ እናድርግ ይሉኛል።

መሠረት፦ (ሳቅ) አድማጮች ሰምታችኋል። በሚቀጥለው ዳኞችን እናነሳለን። ጋሽ ሰይድ አስተያየት መስጠት አይፈልጉም።

ሰይድ፦ አሥር ደቂቃ ብቻ።